በሕሙም አልጋ አጠገብ የሚደረግ የአእምሮ ምርመራ፦ ነጥቡና ትርጓሜው

ማርሻል ፎልስቲን፣ ሱዛን ፎልስቲንና ፖል ማክሂው በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ባለ 30 ነጥብ መመዘኛ እስከ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ከ24 በታች ያገኘ ሰው በዲሜንሺያ መጠርጠሩም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሰፊ የማኅበረሰብ ጥናት እንዳሳየው፣ ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት አማካይ ቦታ (ሚዲያን) 29 ሲሆን፣ ከአራት ዓመት ያልበለጠ ትምህርት ያላቸው ግን 22 ነበር። ድንበሩ እንዳለ ቢወሰድ ከእነዚህኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት ታማሚ ሊባሉ ነው።

በኢትዮጵያ ችግሩ በትምህርት ብቻ አይወሰንም። በእንግሊዝኛው ቅጂ ታካሚው አምስት ፊደላት ያሉትን ቃል ወደ ኋላ እንዲዘረዝር ይጠየቅና ለእያንዳንዱ ፊደል ነጥብ ያገኛል፤ ቃሉ «ዓለም» ተብሎ ቢተረጎም ሦስት ፊደል ብቻ ይቀራል። ሰዓት የማሣሉ ፈተና ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። የሰዓቱ ትንሽ ዘንግ 5 ላይ ሲያርፍ «አሥራ አንድ ሰዓት» ብሎ ማንበብ የለመደ አዛውንት፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ሣሉ ሲባሉ ዘንጉን ወደ 5 ቢያመለክቱ ስሕተቱ የመርማሪው እንጂ የእርሳቸው አይደለም። ቀኑን ሲጠየቁ «የሚካኤል ማግስት ነው» ያሉ እናትም 13ኛውን ቀን በትክክል ተናግረዋል፤ ቅጹ ቁጥር ስለሚጠይቅ ብቻ ዜሮ መስጠት ተገቢ አይሆንም።

ከሁሉ አስቀድሞ መፈተን ያለበት ትኩረት ነው። ታካሚው የተነገረውን ካልተከታተለ በኋላ ቃላቱን አለማስታወሱ ስለ ትውስታው የሚገልጸው ነገር የለም። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ማስቀነስ የስሌት ትምህርት ስለሚጠይቅ፣ ላልተማረ ሰው የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምሮ ወደ ኋላ ማስቆጠር ይሻላል። በዚህ የሚሰናከል ታካሚ ዴሊሪየም ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ከኢንፌክሽን፣ ከመድኃኒት ወይም ከፈሳሽ እጥረት የሚመጣና ምክንያቱ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ የሚታከም ነው። የሚያስቸግረው ጸጥተኛው ዓይነት ነው፦ ታካሚው አይጮኽም፣ አልጋውን አይለቅም፣ ስለዚህም «ተኝተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ዴሊሪየም በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ጠዋት የተመዘገበ ነጥብ ለማታ ዋስትና አይሆንም፤ አስታማሚውን «ከሦስት ቀን በፊትም እንዲህ ነበሩ?» ብሎ መጠየቅም የምርመራው አካል ነው።