በማንኩሳ ላይ የሚያልፈው መሥመር

በብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዓለም ጂኦግራፊ እስካሁን በስም ሽምደዳ ይሰጣል። «የብራዚል ዋና ከተማ?» ሲባል ክፍሉ ባንድ ድምፅ «ብራዚሊያ!» ይላል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከልጆቹ አንዱን «ብራዚል ከቤታችሁ በየት በኩል ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይጠቁማል። ካርታው የተሰቀለው እዚያ ነዋ!

ዛሬ ይህን ለማረም የሚያግዙ መሣሪያዎች በስልክ ውስጥ ይገኛሉ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ጎግል ኧርዝ ምድርን እንደ ሉል እያሽከረከረ ያሳያል፤ ጣት ያረፈበትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስም ይነግራል። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው ነፃ ካርታ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፣ የተመዘገበ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መንገድና ትምህርት ቤት ይጨምርበታል። የሠፈራችሁ ትምህርት ቤት ከጠፋ መጨመር የእናንተ ፋንታ ነው።

«ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ይህ ሁሉ ምን ይረባናል?» የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለሆነም ኢንተርኔቱ ለመምህሩ መዘጋጃ እንጂ ለክፍሉ መታያ ነው ብላችሁ አታስቡ። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ በወጣችሁበት ቀን ኦርጋኒክ ማፕስን ከነካርታው፣ ኪዊክስን ከነዊኪፔዲያው ወደ ስልካችሁ ብታወርዱ ሁለቱም ከዚያ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ቪዲዮውን ተዉት፤ ካርድ ይበላል፣ ልጆቹም በአንድ ስልክ ዙሪያ ሲጋፉ ትምህርቱ ያልቃል። የሚያስፈልጋችሁን ቁጥርና ስም በማስታወሻ ደብተር ገልብጣችሁ ሂዱ።

የትኛውን ቁጥር? እኔ የምመክረው አንዱን ብቻ ነው፤ የልጆቹን የገዛ ራሳቸውን ኬክሮስ። ኬክሮስ ማለት አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ በዲግሪ የሚለካበት ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም 10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ሰሜን ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለችው ማንኩሳም ከዚያው አትርቅም። (ማንኩሳን ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በምድር ላይ ያለችበትን ግን ስንቱ አንባቢ ፈልጎ ይሆን?) አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከምድር ወገብ ያለንን ርቀት ልጆቹ በማባዛት ያገኙታል፤ 1,190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን በግቢው ሜዳ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በአመድ ረጅም መሥመር አስምሩ። መካከሉ ላይ አንድ ልጅ ቁሞ «ማንኩሳ» ይባል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ወሎና አፋር ታልፈው የሶማሊያ ቀንድ ይደረሳል፤ ቀጥሎ የሕንድ ውቅያኖስ፣ የደቡብ ሕንዶቹ ኬራላና ታሚል ናዱ፣ ከዚያ በቬትናም ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ በፊሊፒንስ ኢሎኢሎ። ከዚያ ወዲያ ውሃ፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ ነው፤ ሰላማዊ ውቅያኖስ ነውና እዚህ ላይ ባዶውን ሜዳ ሰፋ አድርጉት። ከውሃው ማዶ ሰሜን ኮስታ ሪካ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ካራካስ፣ ከዚያ የትሪኒዳድ ዋና ከተማ ፖርት ኦፍ ስፔን፤ አትላንቲክ ተሻግሮ ጊኒ፣ ሰሜን ጋና፣ ሰሜን ናይጄሪያ፣ ደቡብ ቻድ፤ መጨረሻው ቤት። መንገዱ በጠቅላላው 39,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እግረኛ፣ ባሕሩን እንደ የብስ ብንቆጥርለት እንኳ፣ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ሒሳቡን ለልጆቹ ተዉላቸው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከልጆቹ ይመጣል። «እኛ ምሳ ስንበላ እነሱስ?» በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን በኢሎኢሎ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በፖርት ኦፍ ስፔን ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። «ባንድ መሥመር ላይ ከሆንን ሙቀታችንም አንድ ነው?» አይደለም። ፖርት ኦፍ ስፔን ባሕር ዳርቻ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ልዩነቱ 12 ዲግሪ ይደርሳል። ቆላና ወይና ደጋን የሚያውቅ የገጠር ልጅ ይህን ለመረዳት ከከተማው ልጅ ይቀድማል፤ ብርዕ ወንዝ ወርዶ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ጠፍጣፋ ካርታ ስታሳዩ ግን ተጠንቀቁ። በስልክ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ጠፍጣፋ ካርታዎች መርካተር በ1569 እ.ኤ.አ. ለመርከበኞች በሠራው ዘዴ የተሣሉ ናቸው። አቅጣጫን ይጠብቃል፤ ስፋትን ግን ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ያገዝፈዋል። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ ትታያለች። ዳሩ ግን አፍሪካ ከ30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስትሆን ግሪንላንድ 2.2 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ሁለት ኢትዮጵያ ብቻ ናት። የአፍሪካ ኅብረት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ይህ ካርታ እንዲቀር የተጀመረውን ዘመቻ መደገፉ ያለ ነገር አይደለም። ዘመቻው በምትኩ የሚያቀርበው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ስፋትን የሚጠብቀውን ኢኩዋል ኧርዝን ነው። እሱን በከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙ። ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ብርቱካን ይበቃል፤ ልጣጩን ሳይቀደድ ጠረጴዛ ላይ ለማንጠፍ ይሞክሩ።

በአመድ የተሠመረው መሥመር እውነት ስለመሆኑ ልጆቹ ያለ ስልክ የሚያረጋግጡበት አንድ ቀን አለ። ሚያዝያ 10 ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በማንኩሳ አናት ላይ ትሆናለች። ቀጥ ብሎ የተተከለ ችካል ያን ጊዜ ጥላ የለውም። ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ አስለኩ። ነሐሴ 19 ገደማም ይደገማል፤ የክረምቱ ደመና ግን ፀሐይዋን አያሳይም። በዚያው በሚያዝያው ዕለት በኢሎኢሎና በፖርት ኦፍ ስፔንም፣ በየራሳቸው ቀትር፣ የችካል ጥላ ይጠፋል።