ለመጀመሪያው የሳሪስ ክረምትሽ

ልጄ፣ ከደብረ ታቦር ለመጣ ሰው የአዲስ አበባ ብርድ አዲስ ነገር አይደለም። ያንቺ አገር ደጋ ነው፣ ክረምቱም ከዚህ ይከብዳል። እዚያ ግን ሲዘንብ እሳት ዳር የሚሰበሰብ ቤተሰብ ነበረሽ። ሳሪስ ላይ ያለሽ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ከሥራ ተመልሶ በር ዘግቶ እስከ መስከረም የሚከርም ወጣት ብዙ አይቻለሁ፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ስለዚህ አክስትሽ የምታውቀውን ልንገርሽ።

1. ጠዋቱን ተጠቀሚበት። ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ፈካ ይልና ከሰዓት በኋላ ይጥላል። ገበያም ሆነ የወረዳ ጉዳይ ከምሳ በፊት ጨርሺ። ከሰዓት ታጥቦ የተሰጣ ጂንስ ቀናት ገመድ ላይ ይከርማል፤ ሲደርቅም ይሸታል።

2. ውኃ በተኛበት መንገድ አትቸኩዪ። ከሥሩ ክዳን የሌለው ቱቦ ሊኖር ይችላል። መሐል መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ወይም አሮጌ ጎማ ተተክሎ ካየሽ የሰፈር ሰው ያቆመው ምልክት ነውና ዙሪው። ወንዝንም አትመኚ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የእኛ ክፍለ ከተማ ወደ 2,200 ሜትር ግድም ወርዶ ነው ያለው። ላይ የጣለው ሁሉ ወደኛ ስለሚወርድ፣ ሳሪስ ላይ ፀሐይ ወጥቶ መካኒሳና ላፍቶ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ ድንገተኛ ጎርፍ ሰው ወስዷል። የእሳትና አደጋ ስልክ 939 ነው፤ አሁኑኑ መዝግቢው።

3. ይኼኛውን ከሁሉም አስበልጠሽ ያዢልኝ፤ የከሰል ምድጃ ይዘሽ በር አትዝጊ። መብራት ይሄዳል፣ ማታው ይበርዳል፣ ቡናው ተፈልቶ ፍሙ ገና አልሞተም። እግርን ወደሱ ዘርግቶ መተኛት ያምራል። ከሰል ሲነድ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ሰው ጉዳቱ ያለፈ ይመስለዋል፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰውነት ይዝላል፤ ሰውየው የቀን ድካም መስሎት ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። የገጠር ሳር ክዳን ቤት ጭሱን በጣራው ያሳልፋል። ያንቺ ክፍል ግን ግድግዳው ተለስኗል፣ ኮርኒሱ ተመትቷል፣ ለብርዱ ብለሽም የበሩን ሥር በጨርቅ ደፍነሻል። ቡና ስታፈዪ በርና መስኮት ይከፈት። ስትጨርሺ ምድጃውን ደጅ አውጥተሽ ፍሙን በውኃ አጥፊ። ሌሊቱን ብርድ ልብስ ደርበሽ እለፊው። ራስሽን ካመመሽ ሌላ ምክንያት ሳትፈልጊ መጀመሪያ ውጪ፤ አብሮሽ የተኛ ካለም ይዘሽ ውጪ።

4. አንድ እሑድ ባቡር ተሳፈሪ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በጎተራ በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይወርዳል። በሥራ ቀን ተጨናንቀሽ ከሰው ጀርባ በቀር የምታዪው የለም። እሑድ ግን መስኮት ዳር ቆመሽ ከተማዋን እያየሽ ትሄጃለሽ። ሥራና ቤት ብቻ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም።

5. መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ብዪ። ሻጯ ፍሙን በካርቶን ታራግባለች፣ እሸቱን እያገላበጠች ትጠብሳለች፣ በገዛ ቅጠሉ ይዛ ትሰጥሻለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነሽ ስትበዪው የሰልፉ ርዝመት አይታወቅሽም። ዣንጥላ ከያዝሽ ደግሞ ከኋላሽ የቆመችውን አስጠልያት። እኔ በዚያ ሰልፍ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ዛሬ ለቅሶና ሠርግ የምንጠራራ ወዳጆቼ ናቸው።

6. ከግቢው ሰው ጋር ተዋወቂ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፤ ሒሳብ የምታስጠኛቸው ካገኙ እናቶቻቸው ይመርቁሻል። ነሐሴ 12 ማታ ሆያ ሆዬ እያሉ በርሽን ሲያንኳኩ መብራት አጥፍተሽ የሌለሽ አትምሰዪ። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ከተማሽ በስሙ የምትጠራ ልጅ እንዴት ትደበቂያለሽ? የከተማ ልጅ ብር ይጠብቃል፤ አንቺ ግን ሙልሙል ጋግሪላቸው። ምጣድ ከሌለሽ አከራይሽን ለምኚ፤ እትዬ ብለሽ ገብተሽ ምጣድ የተበደርሽበት ቤት ከዚያ ወዲያ የባዳ ቤት አይሆንም።

ፍልሰታ ሲፈታ ደውዪልኝ። ደመወዝሽንና የቤት ኪራይሽን አልጠይቅሽም። የግቢሽን ሰዎች በየስማቸው ንገሪኝ።