የቴክኒክና የታክቲክ ብቃት አለካክ በእግር ኳስ፤ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ሜዳዎች የሚስማማ ዘዴ

መግቢያ

በእግር ኳስ የቡድን ውጤት በግብ ይለያል። የተጫዋች ብቃት ግን በግብ ብቻ ተለክቶ አያልቅም። ጨዋታው እስኪያበቃ ክፍተት እየዘጋ የተጋጣሚን ማጥቃት ያመከነ ተከላካይ ስሙ በውጤት መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ኳስ ሳይነካ ሁለት ተከላካዮችን ይዞ በመውጣት ለጓደኛው መንገድ የከፈተ አጥቂም ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ማለትም በመካነ ሰላምና በዙሪያው በሚገኙት የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የለጋምቦና የሳይንት አካባቢዎች፣ ጉዳዩ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ፋይዳ አለው። አንድ ታዳጊ ለወረዳ ወይም ለዞን ቡድን የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ በአጭር የትምህርት ቤቶች ውድድር በሚታይበት ጥቂት ሰዓት ነው። መራጩ በዓይኑ ብቻ ሲፈርድ ፈጣኑና ጉልበተኛው ቀድሞ ይታያል፤ ጨዋታ የሚያነበው ሊታለፍ ይችላል። ዓይን ብቻውን እንደማይበቃ ጥናትም አሳይቷል። ፍራንክስና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ አሰልጣኞች ከተመለከቱት ጨዋታ ዋና ዋና ክስተቶች መካከል በትክክል ያስታወሱት ከግማሽ ያነሰውን ነበር። ይህ ጽሑፍ የቴክኒክና የታክቲክ ብቃት የሚለካባቸውን ዋና ዋና ዘዴዎች ይመረምራል፤ በወረቀት፣ በእርሳስና በአንድ ሞባይል ስልክ ሊሠራ የሚችለውንም ያመለክታል።

ቴክኒክና ታክቲክ፤ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

የቴክኒክ ልኬት ተጫዋቹ ድርጊቱን «እንዴት ፈጸመው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የታክቲክ ልኬት ደግሞ «ምን መረጠ? መቼና የት?» ብሎ ይጠይቃል። ኳስን በሚገባ የመታ ተጫዋች ለተሸፈነ ጓደኛው አቀብሎ ከሆነ ቴክኒኩ መልካም፣ ውሳኔው ደካማ ነው። ነፃውን ጓደኛውን አይቶ ኳሷ ያጠረችበት ተጫዋች ደግሞ ውሳኔው መልካም፣ አፈጻጸሙ ደካማ ነው። ሁለቱም በመዝገብ ላይ «የተበላሸ ኳስ» ተብለው ቢሰፍሩ አሰልጣኙ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ልምምድ ያዝዛል፤ የሚያስፈልጋቸው ግን የተለያየ ነው።

ቴክኒክን ለብቻው ለመለካት የተዘጋጁ ፈተናዎች አሉ። በኮኖች መካከል ኳስ መግፋት፣ በተወሰነ ርቀት ላይ ወዳለ ዒላማ መምታትና ኳስን ማንጠባጠብ የተለመዱት ናቸው። አሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት የላፍቦሮ የቅብብል ፈተና በበኩሉ ተጫዋቹ 16 ቅብብሎችን የፈጸመበትን ጊዜ ይመዘግባል፤ ለስሕተትም የቅጣት ሰከንድ ይጨምራል። የእነዚህ ፈተናዎች ጥቅም ለሁሉም ተፈታኝ እኩል ሁኔታ መፍጠራቸው ነው። ገደባቸውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ኮን አይንቀሳቀስም፣ ኳስም አይነጥቅም። ስለዚህ በፈተናው ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሁሉ በጨዋታ ውስጥም ብልህ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የታክቲክ ብቃት የሚለካው ተጋጣሚ ባለበት ጨዋታ ውስጥ ነው።

ቆጠራና አካፋዩ

ጨዋታን በጽሑፍ የመመዝገብ ዘዴ ረጅም ታሪክ አለው። በእንግሊዝ የአየር ኃይል የሒሳብ ባለሙያ የነበረው ቻርልስ ሪፕ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1950 የስዊንደን ታውንን ጨዋታ እየተመለከተ መመዝገብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1968 ከቤንጃሚን ጋር ባሳተመው ጥናት ከግቦች መካከል 80 በመቶ ያህሉ ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ቅብብል ካለባቸው ማጥቃቶች እንደተገኙ ገለጸ። ከዚህ በመነሣት ብዙዎች ኳስን በረጅሙ ወደፊት መላክ የተሻለ ስልት ነው ብለው ደመደሙ።

ሂዩዝና ፍራንክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ ጉዳይ እንደገና መረመሩት። አጭር ቅብብል ያላቸው ማጥቃቶች ብዙ ግብ ያስገኙት ቀድሞውኑ በቁጥር እጅግ ስለሚበዙ ነው። ግቡ ለማጥቃቶቹ ብዛት ሲካፈል ረዘም ያለ ቅብብል የተሻለ ውጤት አሳየ። ነገሩን ለማብራራት ያህል፣ 1,000 አጭር ቅብብሎች 10 ግብ፣ 100 ረጅም ቅብብሎች ደግሞ 3 ግብ አስገኙ እንበል። ከ13ቱ ግቦች 10ሩ፣ ማለትም 77 በመቶው፣ ከአጭሩ መጡ። ሆኖም የአጭሩ ውጤታማነት ከመቶ 1፣ የረጅሙ ከመቶ 3 ነው። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተሳሳተው ያለ አካፋይ የተነበበበት መንገድ ነው።

ይህ ትምህርት ለተጫዋች ምዘናም ይሠራል። ተጫዋች «ሀ» በአንድ ጨዋታ ከ40 ውሳኔዎች 24ቱን፣ ተጫዋች «ለ» ደግሞ ከ25ቱ 20ውን በአግባቡ ወሰኑ እንበል። በጥሬ ቆጠራ «ሀ» ይበልጣል፤ በመቶኛ ግን «ሀ» 60፣ «ለ» 80 ነው። አፈጻጸማቸው ሲታይ «ሀ» ከ40 ድርጊቶች 36ቱን፣ «ለ» ከ25ቱ 15ቱን በሚገባ ፈጽመው ከሆነ፣ የቴክኒክ መቶኛቸው 90 እና 60 ይሆናል። «ሀ» ውሳኔን፣ «ለ» የኳስ ቁጥጥርንና ቅብብልን መለማመድ ይኖርባቸዋል። በዓይን ምርጫ ግን «ለ» ኳስ የሚያበላሽ ተብሎ ከቡድኑ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በጨዋታ ውስጥ የሚለኩ መሣሪያዎች

በአካል ብቃት ትምህርት ዘርፍ ሁለት መሣሪያዎች በሰፊው ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው ግሬሄኝ፣ ጎድቡና ቡቲዬ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት የቡድን ስፖርት ምዘና ነው። መዝጋቢው ተጫዋቹ ኳስ ያገኘበትን መንገድ (ከተጋጣሚ ነጥቆ ወይም ከጓደኛው ተቀብሎ) እና ከዚያ በኋላ ያደረገባትን (አጠፋት፣ ያለ ጫና አቀበላት፣ ተጋጣሚን የሚያስጨንቅ ኳስ ሰጠ ወይም የተሳካ ሙከራ አደረገ) ምልክት ያደርጋል። ከዚህ የተሳትፎ መጠንና የውጤታማነት መጠን ይሰላሉ። ተማሪዎች ራሳቸው እርስ በርስ ሊመዘግቡበት መቻላቸው ዋና ጥቅሙ ነው።

ሁለተኛው ኦስሊን፣ ሚቸልና ግሪፊን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት የጨዋታ ብቃት መመዘኛ ነው። ይህኛው ኳስ የሌለውን ተጫዋችም ስለሚያይ ለታክቲክ ይበልጥ ይቀርባል። ሰባት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ወደ መነሻ ቦታ መመለስ፣ ከጨዋታው ፍሰት ጋር ቦታን ማስተካከል፣ ውሳኔ፣ የክህሎት አፈጻጸም፣ ለጓደኛ ድጋፍ መስጠት፣ ሽፋን መስጠትና ተጋጣሚን መያዝ ናቸው። ሰባቱንም በአንድ ጊዜ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ለጨዋታው ዓላማ የሚስማሙትን ሁለት ወይም ሦስት መምረጥ ይበቃል።

ዐውዱን ያልያዘ ቁጥር

መቶኛም ቢሆን ዐውዱ ካልተጻፈ ያሳስታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰበት እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ የታየው ለዚህ ማስረጃ ነው። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ፤ የዛምቢያ ግብ ጠባቂ በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂም በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሆኖም ቡርኪና ፋሶ በ10 ተጫዋቾች እየተጫወተ ተጨማሪ ግቦች አስቆጥሮ 4 ለ 0 አሸነፈ። የሁለቱን ጨዋታዎች ቅብብል በጅምላ የሚደምር መዝጋቢ 11 ለ 11 የተደረገውን ክፍል 11 ለ 10 ከተደረገው ጋር ይቀላቅላል። በ10 የቀረ ቡድን ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ለተጋጣሚው ቅብብል ይቀልለዋል፤ ከኋላው ለመልሶ ማጥቃት የሚሰጠው ክፍተት ግን ይሰፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክስተት ደቂቃው፣ የሜዳው ክፍል፣ ውጤቱና የተጫዋቾች ብዛት አብረውት ሊጻፉ ይገባል።

የመዝጋቢዎች ስምምነት

«ተገቢ ውሳኔ» ማለት ምን እንደሆነ ከጨዋታው በፊት በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ ልኬቱ የተጫዋቹን ሳይሆን የመዝጋቢውን ጠባይ ይለካል። በመሆኑም ቢያንስ አንድ ጨዋታ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ መዝግበው ሊመሳከር ይገባል። የስምምነት መቶኛ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለት መዝጋቢዎች ከ100 ክስተቶች 70ውን ሁለቱም «ተገቢ»፣ 10ሩን ሁለቱም «ተገቢ ያልሆነ» አሉ፤ በቀሩት 20 ተለያዩ፣ ይህም ለየወገኑ አሥር አሥር ነው እንበል። ስምምነታቸው 80 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው 80 ጊዜ «ተገቢ» ስላሉ፣ በአጋጣሚ ብቻ 68 በመቶ ያህል ይስማሙ ነበር። ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ባቀረበው የካፓ ስሌት ይህ አጋጣሚ ሲቀነስ (0.80 − 0.68) ÷ (1 − 0.68) = 0.375 ይሆናል። አጥጋቢ የሚመስለው 80 በመቶ ደካማ ስምምነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የሚወሰደው እርምጃ ትርጉሙን ማጥራትና እንደገና መመዝገብ ነው።

በደጋው ሜዳ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። አየሩ ኳስን የሚገታበት ኃይል ስለሚቀንስ ረጅም ምት ይርቃል፤ በሽክርክሪት የሚመታ ኳስም የሚታጠፈው በጥቂቱ ነው። ለተጫዋቹ ደግሞ የኦክስጅን ግፊት ዝቅ ማለት ድካምን ያፋጥናል፤ በተለይ ከቆላ ለመጣ እንግዳ ቡድን። ስለሆነም በዝቅተኛ ስፍራ ለተዘጋጁ ፈተናዎች የወጡ የነጥብ ደረጃዎችን እንዳሉ መቀበል ተገቢ አይደለም። ያልተስተካከለ የአፈር ሜዳም ቅብብልን ያበላሻል፤ በክረምት ጭቃው ይጨመርበታል። ንጽጽር መደረግ ያለበት በአንድ ሜዳና በተቀራራቢ ወቅት በተጫወቱ ልጆች መካከል፣ ወይም የአንዱን ልጅ የአሁን ውጤት ከራሱ ከቀድሞው ጋር በማነጻጸር ነው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በሱፐር ስፖርት መተላለፍ በመጀመሩ፣ ለከፍተኛው እርከን የምስል መረጃ የማግኘቱ ዕድል ሰፍቷል። የትምህርት ቤትና የወረዳ ቡድኖች ግን የሚመዘግብላቸው የላቸውም። ለእነርሱ የሚከተለው ቅደም ተከተል በቂ ነው።

1. ከጨዋታው በፊት ሁለት ወይም ሦስት የሚለኩ ነገሮችን መምረጥና ትርጉማቸውን በአንድ ገጽ መጻፍ።

2. ከ4 ለ 4 እስከ 6 ለ 6 በሚደርስ አነስተኛ ጨዋታ መጀመር፤ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ የሚያገኝበት ጊዜ ይበዛል።

3. ሞባይል ስልክን ሜዳውን በሚያሳይ ጉብታ ወይም ከፍ ያለ ስፍራ ላይ አጽንቶ መቅረጽ።

4. ለአንድ መዝጋቢ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ተጫዋቾችን አለመስጠት።

5. ውሳኔንና አፈጻጸምን በተለያየ ዓምድ መመዝገብ፣ ሁለቱንም ለጠቅላላ ድርጊቶች ብዛት ማካፈል።

6. የመዝጋቢዎችን ስምምነት አስልቶ ከውጤቱ ጋር ማቅረብ።

7. በአንድ ጨዋታ አለመፍረድ፤ ቢያንስ ሦስት ጨዋታዎችን አይቶ ልዩነታቸውንም መመልከት።

ማጠቃለያ

የልኬት ዋጋ በመሣሪያው ውድነት አይወሰንም። ውሳኔን ከአፈጻጸም የለየ፣ እያንዳንዱን ቆጠራ ከአጋጣሚው ብዛት ጋር ያነጻጸረ፣ ዐውዱን የጻፈና በሁለት ዓይን የተመሳከረ አንድ ገጽ፣ አካፋይ ከሌለው ረጅም የቁጥር ሠንጠረዥ ይልቃል። በተመሳሳይ ርእስ የመመረቂያ ጥናት የሚያካሂዱ ተማሪዎች ከሌላ አገር ደረጃ ከመዋስ ይልቅ ለደጋው ሜዳ የሚሆን መነሻ መረጃ ቢያሰባስቡ፣ ሥራቸው ከመደርደሪያ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይውላል። አሰልጣኙ ይህን ይዞ ለምርጫ ሲቀመጥ፣ ኳስ አበላሽቷል ተብሎ ሊቀር የነበረው ልጅ ምን አይቶ ኖሮ እንዳበላሸ ማወቅ ይችላል።