በጥምቀት ማለዳ የሚሞላው ቆጣሪ

ኮምፒውተር ስለ ጊዜ የሚያውቀው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ክረምትና በጋ፣ ዓመት በዓልና የሥራ ቀን ለእርሱ አንድ ናቸው። የተካነው በመቁጠር ሲሆን የሚቆጥረውም በተሰጠው ቦታ ልክ ብቻ ነው። ሰው የሚጽፍበት ወረቀት ሲሞላበት ሌላ ወረቀት ይጠይቃል፤ ማሽን ግን ቦታው ሲሞላበት ያለ አንዳች ሐፍረት የተሳሳተውን ቁጥር ያቀርባል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ጠባይ ከዚህ ቀደም ያስከተለውን ጣጣና ከፊታችን የሚጠብቀንን ቀጠሮ እንመለከታለን። ቀጠሮው ደግሞ፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ በካላንደራችን ላይ በቀይ ቀለም ከሚጻፍ ዕለት ጋር ተገጣጥሟል።

ለመሆኑ ቆጣሪ እንዴት ይሞላል?

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት ያገለገሉትን ላዳ ታክሲዎች እናስታውስ። አምስት አኃዝ ብቻ ያለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ 99,999 ላይ ከደረሰ በኋላ ቀጣዩ ኪሎ ሜትር ወደ 00,000 ይመልሰዋል። ሞተሩ አርጅቶ ሳለ ቆጣሪው መኪናውን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ያስመስለዋል። በዚህ የሚደሰት ቢኖር ደላላ ብቻ ነው።

ኮምፒውተርም የሚቆጥረው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ አኃዞቹ ዜሮና አንድ ብቻ መሆናቸው ነው። የአንዱ አኃዝ ቦታ ቢት ይባላል። 8 ቢት 256 የተለያዩ ቁጥሮችን፣ 16 ቢት 65,536፣ 32 ቢት ደግሞ 4,294,967,296 ቁጥሮችን መለየት ይችላል። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችም ሲያስፈልጉ ከቢቶቹ የመጀመሪያው ለምልክት ይሰጥና ቦታው በአዎንታዊና በአሉታዊ ቁጥሮች መካከል እኩል ይከፈላል። ስለዚህ ባለምልክት የሆነ የ32 ቢት ቆጣሪ ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2³¹ − 1፣ ማለትም 2,147,483,647 ነው። በዚህ ላይ 1 ሲደመር የምልክቱ ቢት ይለወጥና ውጤቱ −2,147,483,648 ይሆናል። ከሀብት ጣሪያ ወደ ዕዳ ወለል በአንድ እርምጃ ማለት ነው።

ጉዳዩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትተኮስ 40 ሰከንድ ያህል እንደበረረች ተበታተነች። ከቀዳሚዋ ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ፕሮግራም ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘን ቁጥር ባለ 16 ቢት ቦታ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ። ያ ቦታ ከ32,767 በላይ መያዝ አይችልም፤ አዲሲቱ ሮኬት ደግሞ ከቀዳሚዋ ይልቅ ፈጣን ነበረች። ለታላቅ እኅቷ የተሰፋው ልብስ ጠበባት።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ በተከታታይ ለ248 ቀናት ቢቆይ በጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ያለው ቆጣሪ ሞልቶ ኃይል ሊቋረጥ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ይህ አውሮፕላን የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ዓይነት ነው። ለመሆኑ 248 ቀን ከየት መጣ? እስክሪብቶና ወረቀት እንያዝ። ቆጣሪው በየመቶኛው ሰከንድ አንድ ይጨምራል ብንል 2³¹ መቶኛ ሰከንድ ወደ 21,474,836 ሰከንድ ይሆናል። ይህን በአንድ ቀን ውስጥ ባለው 86,400 ሰከንድ ስናካፍለው 248.55 እናገኛለን። ለጊዜው የታዘዘው መፍትሔም ቴሌቪዥናችን ሲያስቸግረን ከምናደርገው የተለየ አልነበረም፤ አጥፍቶ ማብራት ነው።

ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ዩቲዩብ ጋንግናም ስታይል የተባለው የኮሪያ ዘፈን ተመልካች ከዚሁ ከ2,147,483,647 በማለፉ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን አስታውቆ ነበር። የሰው ልጅ ለሮኬት የነፈገውን ቦታ ለዘፈን ሰጠ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሁለት አኃዝ የቆጠበ ትውልድ

ስለ ዘመንና ስለ ኮምፒውተር ሲነሳ አስቀድሞ የሚታወሰው ‹ዋይ ቱ ኬ› ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መረጃ ይመዘገብበት የነበረው ባለቀዳዳ ካርድ 80 ዓምድ ብቻ ነበረው፤ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ 1965 በማለት ፈንታ 65 ብሎ መጻፍ በዘመኑ ብልህነት ነበር። ፕሮግራሞቹ ግን ጸሐፊዎቻቸው ከገመቱት በላይ ዕድሜ አገኙ። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ፣ 00 ማለት 2000 ይሁን 1900 ማሽኑ የሚለይበት መንገድ እንደሌለው ግልጽ ሆነ። ጋርትነር የተባለው የአማካሪዎች ድርጅት ችግሩን ለማረም በዓለም ዙሪያ ከ300 እስከ 600 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ገመተ።

ዓለም 2000ን በሥጋት ሲቀበል በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። የእኛው 2000 የደረሰው ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ፣ በዘፈንና በርችት ታጅቦ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መኩራራት አይገባም። ባንኮችና አየር መንገዶች የሚገለገሉባቸው ኮምፒውተሮች ከእኛ ጋር አብረው አልዘገዩም፤ የሚቆጥሩት በሠሪዎቻቸው ካላንደር ነበርና።

ሌሊቱ ሲነጋ አውሮፕላኖች አልወደቁም፣ መብራትም አልጠፋም። ወዲያውም «ሁሉም ነገር የኮምፒውተር ነጋዴዎች ፈጠራ ነበር» የሚል ፌዝ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም ይሰማል። ነገር ግን እርማቱ ያመለጣቸው ቦታዎች ምን እንደገጠማቸው እንመልከት። የአሜሪካን ኦፊሴላዊ ሰዓት የሚጠብቀው የባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ ድረ ገጽ ዓመቱን 19100 ብሎ አሳየ፤ 99 ላይ አንድ ተጨምሮ 100 ሲሆን ከፊቱ 19 ተለጠፈበትና ነው። ከአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች የሚመጣውን መረጃ የሚያቀናብር የምድር ጣቢያም ለቀናት ታወከ። ከሁሉ የሚያሳዝነው በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ የደረሰው ነው። በእርግዝና ወቅት ለዳውን ሲንድሮም የሚደረገውን ምርመራ የሚያሰላው ኮምፒውተር የእናቶችን ዕድሜ በትክክል ባለማስላቱ ለ154 ሴቶች የተሳሳተ ውጤት ተሰጣቸው። ስሕተቱ ለወራት አልታወቀም ነበር፤ ማሽኑ አልቆመም፣ አልጮኸም፤ እንደ ወትሮው ቁጥር ያወጣ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ያስጠገነ ሰው፣ ሐምሌ ላይ ቤቱ አላፈሰም ብሎ «ገንዘቤን በከንቱ አባከንሁ» አይልም። ስለ ‹ዋይ ቱ ኬ› የተባለው ግን ይኸው ነው። አደጋ ሲደርስ የሚሯሯጥ ይሸለማል፤ እንዳይደርስ አስቀድሞ የደከመ ይረሳል። ይህ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ክትባት የሚሰጡም፣ እርከን የሚሠሩም ያውቁታል። የረሳነውን ድካም እንደ ውሸት መቁጠር ስንጀምር ግን ለቀጣዩ አደጋ የሚዘጋጅ ሰው እናጣለን። ቀጣዩም ቀኑ የታወቀ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓትና ከእርሱ የተወለዱት ሁሉ ጊዜን የሚለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቀደም ሲል ለዚህ ቁጥር የተመደበው ቦታ ባለምልክት 32 ቢት ነበር። 2,147,483,647 ሰከንድ 68 ዓመት ከ18 ቀን ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። በግሪንዊች ሰዓት ቆጣሪው የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ 3፡14፡07 ላይ ነው። በእኛ ሲሰላ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይውላል፤ የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ በባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ አድረው ምእመናን ጠበሉን በሚጠባበቁበት ሰዓት።

ከዚያ በኋላ ባለችው አንዲት ሰከንድ ያልታረመው ማሽን ዕለቱን ዲሴምበር 13 ቀን 1901 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም ድሬዳዋ አልደረሰም። ለታሪክ ተማሪ ደስ የሚያሰኝ ጉዞ ሊሆን ይችላል፤ የባንክ ወለድ ለሚያሰላ ፕሮግራም ግን አይደለም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ቆጣሪው 64 ቢት ቢሰጠው 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይበቃዋል፤ የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ብቻ መሆኑን ስናስብ በቂ ነው ማለት ይቻላል። ዘመናዊ የእጅ ስልኮችና የግል ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ወደዚህ ተሻግረዋል። ሊኑክስም ለባለ 32 ቢት ማሽኖች ጭምር መሻገሪያውን እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 እትሙ አዘጋጅቷል። ሥጋቱ ያለው ማንም ኮምፒውተር ብሎ በማይጠራቸው ዕቃዎች ውስጥ ነው፤ በፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ በቆዩ የኔትወርክ መሣሪያዎች፣ በሕክምናና በመለኪያ መሣሪያዎች ውስጥ። እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ ሌላው የጣለው መሣሪያ ተጠግኖ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ይህ ቁጠባ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም የሌላውን ዕቃ ስንወርስ የዕቃውን ቆጣሪ አብረን እንወርሳለን።

«ቀኑ ገና ነው» የሚልም አይጠፋም። የ20 ዓመት የቤት ብድር የሚያሰላ ፕሮግራም ግን 2038ን የሚሻገረው ዛሬ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሌላ ቆጣሪም ይሞላል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ነባር ምልክት ሳምንታትን የሚቆጥረው በ10 ቢት በመሆኑ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999ና በኤፕሪል 2019 ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ ሳለ የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር የገመድ አልባ መረብ ለቀናት ተቋርጧል። ዕውቀቱ ነበር፤ ማስታወሻውን አንብቦ መሣሪያውን ያሳደሰ ሰው ግን አልነበረም።

የእኛ ካላንደርስ?

ስለ ሌሎች ስሕተት ይህን ያህል ካልን ወደ ራሳችን እንመለስ። ወር ሲባል 12 ብቻ የሚያውቅ የኮምፒውተር ቅጽ ጳጉሜን የተወለደን ሰው እንዳልተወለደ ይቆጥረዋል። ይህ ቶሎ የሚታይ ስሕተት ነው። የማይታየው ሌላ ነው። በርካታ የቀን መለወጫ ፕሮግራሞች «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ ግን 12» በሚል ደንብ ይሠራሉ። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2100 ባለው ጊዜ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ይከሽፋል።

ምክንያቱ ከሰማይ ይጀምራል። ምድር ወቅቶችን አዳርሳ ለመመለስ 365.2422 ቀን ያህል ይፈጅባታል። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳያጓድል አንድ ቀን ስለሚጨምር አማካይ ዓመቱ 365.25 ነው፤ ልዩነቱ በዓመት 11 ደቂቃ ያህል ሲሆን በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሞላል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ደግሞ በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ጭማሪ ቀናትን በመተው 365.2425 ላይ ይቆማል። 2100 እ.ኤ.አ. ከሚተዉት አንዱ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በመደበኛ ዓመት እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12፣ ልደት ጃንዋሪ 8፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ይውላል። ደንቡን «11» ብሎ በድፍኑ የጻፈ ፕሮግራመር፣ 65 ብለው ከጻፉት ከ1960ዎቹ ባለሙያዎች በምን ይለያል? እነርሱስ ካርዱ ጠቧቸው ነበር።

ለተማሪዎች

ማንኛውም ቁጥር በማሽን ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ሰው «ይህን ያህል ይበቃል» ብሎ ወስኖለታል። ውሳኔው በፕሮግራሙ ሰነድ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ሊያገኘው ይገባልና። የምትሠሩትን ፕሮግራም ቀኑን ወደ 2038፣ ወደ ጳጉሜን 6 እና ወደ 2101 እያሻገራችሁ ፈትኑት። ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ መሣሪያ ሲመረጥም ስለ ዋጋው ከመጠየቅ ጋር ጊዜን በስንት ቢት እንደሚቆጥር ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ያም አንድ መልስ ነው። አበው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለሰው ነበር፤ ለማሽንም ይሠራል።

መልመጃ

1. የ1960ዎቹ ባለሙያ ሰከንዶችን ምልክት በሌለው 16 ቢት ቢቆጥር ቆጣሪው ከስንት ሰዓት በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል?

2. የዩኒክስ ቆጣሪ 32 ቢት ሆኖ የምልክቱ ቢት ቢነሳለት እስከ የትኛው ዓመተ ምሕረት ያደርሳል? መልሱን በሁለቱም አቆጣጠር ስጡ።

3. የጎርጎርዮስ አማካይ ዓመት ከእውነተኛው የወቅቶች ዓመት በ0.0003 ቀን ይበልጣል። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ቀን የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? ከእኛ አቆጣጠር ጋር አነጻጽሩ።

4. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ቀንና ሰዓት የሚያሳይ አሮጌ መሣሪያ ፈልጉ። የሚቀበለው የመጨረሻ ዓመት ስንት ነው? ከሞከራችሁ በኋላ ትክክለኛውን ቀን መልሳችሁ መሙላት አትርሱ።