ለአያት ውጅግራ አዲስ ባሩድ?

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስሁት ውጅግራ አለኝ። ጥይቱ ስለማይገኝ የክላሽ ባሩድ በአሮጌው ቀለህ ሞልቼ ብተኩስ ምን ችግር አለው? (ከፈረስ ቤት)

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት! ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ዐድዋ ላይም የተዋጋ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ነጠላ ጎራሽ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ጥይቱ 5 ግራም ያህል ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ነበረው። የክላሹ ዓይነት ጢስ አልባ ባሩድ የመጣው በ1884 ነው። ያንኑ ቀለህ በዚህኛው ቢሞሉት ግፊቱ ከብረቱ አቅም እጅግ ያልፋል።

ዋናው አደጋ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ከፊቱ የሚቆልፈው ጥርስ የለውም፤ ግፊቱን ሁሉ የሚችለው የእጀታው ሥር ብቻ ነው። እሱ ከተሰበረ መቀርቀሪያው ወደ ተኳሹ ፊት ይወረወራል። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በ1886 የውጅግራን ቀለህ አጥብበው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥይት ሲያወጡ፣ መቀርቀሪያው ከፊቱ ሁለት ጥርስ ያለው ሌላ ጠመንጃ፣ ሌበልን፣ ሠሩለት።

ባሩዱን በመቀነስም አይሞክሩት፤ የመቶ ዓመት ዝገትና የተሰነጠቀ ብረት በዓይን አይለይም። አሮጌ ጥይት ካገኙ አይፍቱት፣ አይቀጥቅጡት፤ ከእርጥበት የተጠበቀ ጥቁር ባሩድ ዛሬም ይነዳል። ጠመንጃው ባዶውን የአያትዎ መታሰቢያ ሆኖ ይቀመጥ፤ ስለ ፈቃዱ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፖሊስን ያነጋግሩ።