የማናውቃቸው ወንድሞቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ክርስቲያናዊ ኅብረት ነው። ርእሱ አዲስ አይደለም፤ በየጉባኤው ይሰበካል፣ በመዝሙራችንም ይዘመራል። ጸሎተ ሃይማኖትን በደገምን ቍጥር ቤተ ክርስቲያን አንዲት እንደ ሆነች እንመሰክራለን። ዳሩ ግን ይህች አንዲት የምንላት ቤተ ክርስቲያን ከሀገራችን ድንበር ወዲያ እነማንን እንደምታቅፍ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የለንም። ይህን ድክመታችንን ያወቅነው ደግሞ መጽሐፍ አንብበን ሳይሆን አፍረን ነው። ስለዚህ አስቀድመን ያሳፈረንን ነገር እንናገር።

ከመካከላችን በዩኒቨርሲቲ የምንማረውን ጥቂቶቹን የሚያስተምሩ አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበሩ። እሑድ እሑድ ወደ ደብራችን ይመጣሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ከበሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ ቅዳሴው እስኪፈጸም አይቀመጡም፤ ከዚያም በጸጥታ ይሄዳሉ። እኛም "ሀገር ጎብኚ ናቸው፣ ሥርዓታችን ደስ ብሏቸው ይሆናል" ብለን አለፍናቸው። እንዲያውም አንዳንዶቻችን ፎቶግራፍ ሊያነሡ የመጡ መስሎን በዓይነ ቍራኛ እንጠብቃቸው ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ሻይ ቤት ተገናኝተን አስተናጋጁ ወተት ቢያቀርብላቸው "ጾም ነው" ብለው መለሱት። ተገርመን ጠየቅናቸው። ለካስ ከኬረላ የመጡ ኦርቶዶክሳዊ ናቸው! አባቶቻቸው ክርስትናን ከሐዋርያው ከቅዱስ ቶማስ እንደ ተቀበሉ የሚያምኑ፣ የቅዳሴ ሥርዓታቸው ከሶርያ የመጣ፣ ዛሬ በማላያላም ቋንቋ የሚቀድሱ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ሃይማኖት የሚቈርቡ ሕዝብ ልጅ ናቸው። "ታዲያ መምህር፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩንም?" ብንላቸው ፈገግ ብለው "የጠየቀኝ የለማ" አሉን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን ትምህርት በቡድናችን ማጥናት የጀመርነው።

"ኅብረት" የሚለው ቃል በእኛ አነጋገር ቀላል ሆኗል። አብሮ መዘመር፣ አብሮ ሻይ መጠጣት፣ አብሮ ወደ ገዳም መጓዝ ኅብረት ይባላል። እነዚህም መልካም ናቸውና አንነቅፋቸውም። በሐዲስ ኪዳን ኅብረት ተብሎ የሚተረጐመው የግሪኩ ቃል ግን "ኮይኖንያ" ሲሆን፣ በአንድ ነገር ተካፋይ መሆን፣ መጋራት ማለት ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ክርስቶስ ሥጋና ደም ሲናገር በዚህ ቃል ይጠቀማል (1ኛ ቆሮ. 10፥16)። ለኢየሩሳሌም ድሆች ስለ ተደረገ የገንዘብ መዋጮ ሲናገርም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል (ሮሜ 15፥26)። ቍርባኑና መዋጮው በአንድ ቃል መጠራታቸው እኛን ብዙ አነጋገረን።

የመዋጮው ታሪክ እንዲህ ነው። በቄሣር ቀላውዴዎስ ዘመን ረኃብ እንደሚሆን አጋቦስ የተባለው ነቢይ በተናገረ ጊዜ፣ በአንጾኪያ የነበሩ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አውጥተው በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ (ሐዋ. 11፥27-30)። አንጾኪያ በሶርያ ናት፤ ከኢየሩሳሌም የብዙ ቀን መንገድ ትርቃለች። ከላኪዎቹ ብዙዎቹ ተቀባዮቹን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ሥራ አስፋፍቶ የገላትያን፣ የመቄዶንያንና የአካይያን አብያተ ክርስቲያናት አስተባበረ። ለቆሮንቶስ ሰዎች የሰጣቸው መመሪያ እጅግ ቀላል ነበር፦ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ ከገቢው ጥቂት ለይቶ በቤቱ ያኑር (1ኛ ቆሮ. 16፥1-2)። የመቄዶንያ ሰዎች ራሳቸው በጽኑ ድህነትና በመከራ ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን በዚህ በጎ ሥራ እንዲካፈሉ ይፈቀድላቸው ዘንድ ሐዋርያውን አጥብቀው ለመኑት (2ኛ ቆሮ. 8፥1-4)። ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር ኪሳችንን ዳብሰን ትንሿን ሳንቲም የምንመርጥ እኛ፣ ለመስጠት የሚለምን ድሃ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ማሰቡ እንኳ ይከብደናል።

ገንዘቡ ተሰብስቦ ሐዋርያው ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ብቻውን አልነበረም። ከቤርያ፣ ከተሰሎንቄ፣ ከደርቤንና ከእስያ የተውጣጡ ሰዎች አብረውት ተጓዙ፤ ስማቸውም በሐዋርያት ሥራ 20፥4 ተጽፎ እናገኘዋለን። በቡድናችን አንዲት እኅታችን "ገንዘቡን ጳውሎስ ብቻውን ማድረስ አይችልም ነበር ወይ? ይህን ሁሉ ሰው ለምን አስከተለ?" ብላ ጠየቀች። አንዱ መልስ በግልጽ ተጽፏል፤ ስለ ገንዘቡ ማንም እንዳያማው ይጠነቀቅ ነበር (2ኛ ቆሮ. 8፥20)። እኛ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለናል። ገንዘብ ብቻ ቢላክ የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች የሚያውቁት ብሩን ነው፤ ሰዎቹ ሲመጡ ግን ተሰሎንቄ መልክና ስም ያላት ወንድም ትሆናለች። ይህም ያለ ዋጋ አልተፈጸመም። ጳውሎስ በቤተ መቅደስ የተያዘው ከእነዚሁ ተጓዦች አንዱን፣ የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን፣ ወደ መቅደስ ያገባ መስሏቸው ሕዝቡ ስለ ታወከ ነው (ሐዋ. 21፥29)። ሐዋርያው ከዚያ ወዲያ ለዓመታት እስረኛ ሆኖ ኖረ።

ከሩቅ በመጣ ወንድም የተጠቀምን ደግሞ እኛው ኢትዮጵያውያን ነን። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ሲሆኑ ጵጵስናን የተቀበሉት በእስክንድርያ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው። ዘጠኙ ቅዱሳንም ከውጭ ሀገር የመጡ ናቸው። ዛሬ "የአባቶቻችን ሃይማኖት" የምንለው በብዙ ሕዝብ እጅ አልፎ የደረሰን ነው።

ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ በአንድ የእምነት ወገን የቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ለብዙ መቶ ዓመታት ተራርቀው ሲኖሩ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የአምስቱ መሪዎች ከጥር 7 እስከ 13 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። እነርሱም የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ከእስክንድርያ አቡነ ቄርሎስ 6ኛ፣ ከአርመን ካቶሊኮስ ቫዝገን 1ኛ መጥተው ነበር። የጥምቀት በዓል የዋለው በዚያው በጉባኤው ሰሞን ነው። ዛሬ የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን ተጨምራ ስድስት ሆነዋል። በከተማችን ይህን የሚያህል ጉባኤ መደረጉን ከመካከላችን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ከአያቱ ነው የሰማው።

አርመናውያንን በተመለከተ ቀድሞ የተደረገ ሌላ ነገር አለ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፣ ከዘር ፍጅቱ ተርፈው በአርመን ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። ከእነርሱም 40 ልጆች ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። "አርባ ልጆች" የሚባሉት የሙዚቃ ጓድ አባላት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደራሲ ሆነ። አገራቸው የፈረሰባቸው ልጆች መጥተው የእኛን ሀገር መዝሙር ነፉ።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን ነገር እንመጣለን። የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የባሕር ዳርቻ የ21 ክርስቲያኖች መታረድ ለዓለም ታየ። 20ዎቹ ለቀን ሥራ የተሰደዱ ግብፃውያን ሲሆኑ፣ አንዱ ማቴዎስ የተባለ የጋና ሰው ነበር። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ከሰማዕታት ቈጥራቸው በየዓመቱ በዚሁ ቀን ታከብራቸዋለች። (የግብፃውያን ወራት ከእኛ ወራት ጋር አንድ ስለሆኑ የእነርሱ አምሺር 8 የእኛ የካቲት 8 ነው። ይህንም ያወቅነው በቅርቡ ነው።) ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ስናልፍ፣ ሚያዝያ 11 ቀን በዚያችው ሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን መገደላቸውን ሰማን፤ ያን ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ነበርን። ቤታችን በለቅሶ መሞላቱን፣ እናቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን እናስታውሳለን።

በዚያው ዓመት የሁለቱ ሕዝቦች ልጆች በአንድ ምድር፣ በአንድ ምክንያት ደማቸው ፈሰሰ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ታዋድሮስ 2ኛ መጥተው የመስቀልን በዓል ከእኛ ጋር አከበሩ። የጋናው ማቴዎስ ደግሞ ከእኛም ከግብፃውያኑም ቤተ ክርስቲያን ወገን አልነበረም፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ተንበርክኮ አብሯቸው ሞተ። በአንድ መቅደስ ከማንቈርባቸው ክርስቲያኖች ጋር ስላለን ግንኙነት የሊቃውንቱን ትምህርት መጠበቅ ይገባናል፤ ለራሳችን አዲስ ሥርዓት አንፈጥርም። ማቴዎስን ግን "የእኛ አይደለም" ለማለት አፋችን አልደፈረም።

ይህን ሁሉ ስንል የሚያሳዝነውን መደበቅ አንፈልግም። በኢየሩሳሌም በትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ በሚገኘው በዴር ሡልጣን ምክንያት በእኛና በግብፃውያን ወንድሞቻችን መካከል ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈታም። የገዛ ቤተ ክርስቲያናችንም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገር ቤትና በስደት ባሉ ሁለት ሲኖዶሶች ተከፍላ ኖራ፣ የታረቀችው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት በውጭ ሀገር አንድ ከተማ የሚኖሩ የአንድ እናት ልጆች በሁለት ደብር ሲያስቀድሱ፣ በፋሲካ እንኳ ሳይጠያየቁ የቀሩበት ቤት አለ። ስለ ዓለም ክርስቲያኖች አንድነት ስንጽፍ የጎረቤታችንን ቂም ረስተን እንዳይሆን፣ በቡድናችን መካከልም ለአንድ ዓመት ያህል የተኳረፉ ሁለት ወንድሞች እንደ ነበሩ እናምናለን። በዚህ ጥናት ሰሞን ተነጋግረዋል፤ ሙሉ በሙሉ ታርቀዋል ለማለት ግን ገና ነው።

መምህራችን ውላቸው አልቆ ባለፈው ክረምት ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። ከመሄዳቸው በፊት አንድ እሑድ ወደ አዳራሻችን ጠርተናቸው፣ እርሳቸው በማላያላም እኛ በግእዝ ሥላሴን በሦስትነት የምናመሰግንበትን ጸሎት በየተራ ደገምን። ቃሉ አልገባንም፤ ሦስት ጊዜ መደገሙን ግን ሁላችንም ቈጠርን።

አሁን በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ለየወሩ አንድ እኅት ቤተ ክርስቲያን ተመድባለች፤ በዚያ ወር ታሪኳን እናጠናለን፣ በጸሎትም እናስባታለን። እንደ ቆሮንቶስ ሰዎችም በየእሑዱ ጥቂት እየለየን ማስቀመጥ ጀምረናል። እስካሁን የተጠራቀመው እዚህ ለመጻፍ የሚያሳፍር ነው፤ ለማን እንደሚደርስም ከደብሩ አባቶች ጋር ገና እንመክራለን። የሚቀጥለው ወር የሶርያ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በሐለብ አጠገብ ተጠልፈው ወደ መንበራቸው ስላልተመለሱት ስለ ሶርያው ጳጳስ ስለ ዮሐንስ ኢብራሂም፣ አብረዋቸውም ስለ ተወሰዱት ስለ ግሪኩ ኦርቶዶክስ ጳጳስ ስለ ጳውሎስ ያዚጂ እንማራለን። ጥናቱ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ነው፤ ከበሩ አጠገብ የቆመ እንግዳ ያየ ሁሉ ስሙን ጠይቆ ይዞት ይምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።