የነርስ ድካምና የበሽተኛ ደኅንነት

ሐኪም በሽተኛውን አይቶ ያልፋል፤ ሌሊቱን ሁሉ የምትጠብቀው ግን ነርስ ናት። ስለዚህ የእርስዋ የሥራ ሁኔታ የእኛም ጉዳይ መሆኑን ልናስተውል ይገባናል።

ብዙ ጊዜ የቆየ የሥራ ጭንቀት ሰውን ያዝላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ገለጸው፥ ይህ መዛል ከሥራ የሚመጣ ችግር ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የኃይል ማለቅ፥ የልብ ከሥራ መራቅና የሥራ ፍሬ ማነስ ናቸው።

በአሜሪካ፥ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፥ በ168 ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2002 የታተመው የሊንዳ ኤይከንና የባልደረቦችዋ ጥናት እንዲህ ያስረዳል። ለአንዲት ነርስ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር፥ የመዛልዋ ዕድል በ23 ከመቶ፥ በሥራዋ ያለመደሰትዋ ዕድል በ15 ከመቶ፥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በሽተኞች በ30 ቀን ውስጥ የመሞታቸውም ዕድል በ7 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የካሊፎርኒያ ግዛትም በ1999 ሕግ አውጥቶ፥ ከ2004 ጀምሮ አንዲት ነርስ የምትረከበውን የበሽተኛ ቁጥር ወሰነ።

እንግዲህ የዚህ ድካም መድኃኒት በጠርሙስ አይገኝም፤ በቂ ሠራተኛ፥ ከሌሊት ተራ በኋላ ዕረፍት፥ ቅሬታን የሚሰማ አለቃ ያስፈልጋል። እኛም የደከመችውን ነርስ ሰነፍ ብለን ከመውቀሳችን በፊት፥ ስንት በሽተኛ እንደ ተረከበች እንጠይቅ።